ትንፋሽ አጥሯቸው ስለሚሞቱ እናቶች፦ ለወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት
አረርቲ

ጉዳዩ፦ በእርግዝናና በአራስነት ጊዜ ልባቸው የሚደክም እናቶችን ይመለከታል

ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት አስገብቼ፣ ቁጥር ተቀብዬ መሄድ እችል ነበር። በአደባባይ የጻፍኩት ከፊሉ ነገር ለእናንተ፣ ከፊሉ ደግሞ ለጎረቤቶቼ፣ ለባሎች፣ ለአማቶችና ለሙያ አጋሮቼ ለመምህራን ስለሆነ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የአረርቲ ሰው ነኝ። የልብን አራት ክፍሎች በጠመኔ ስስል ዘመኔን ፈጅቻለሁ፤ የልብ ሕመም ምን እንደሚመስል ያየሁት ግን ከተማሪዎቼና ከጎረቤቶቼ ነው።

እናት በወሊድ ሞተች ሲባል ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው "ደም ፈሷት ነው?" የሚለው ነው። እውነትም ደም መፍሰስ እናቶቻችንን በመግደል ቀዳሚ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ተሠርቷል፤ አምቡላንሱም፣ የእናቶች ማቆያውም፣ "በጤና ተቋም ውለዱ" የሚለው ቅስቀሳም ፍሬ አፍርቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት በሚወለዱ 100,000 ሕፃናት 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግምቱ እየወረደ መጥቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ደም ሳይፈሳት፣ ምጥ ሳይጠናባት "ትንፋሽ አጥሯት ነበር" ተብላ የምትቀበረዋ እናት ናት። ለቅሶ ቤት ቀኗ ደርሶ ነው ይባላል፣ ንፍሮ ይበላል፣ ሰው ይበተናል። ምን እንደገደላት የሚጠይቅ የለም።

የልብ ሕመም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ጮማ የማይለየው፣ ቦርጩ የወጣ ባለሀብት ነው። በአገራችን ያለው ሐቅ ሌላ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ 14 አገሮች የተሳተፉበት አንድ ትልቅ የሩማቲክ ልብ ሕመም ጥናት ከ3,300 በላይ ታማሚዎችን መዝግቦ ነበር። የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት ሆኖ ተገኘ። ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉት ሴቶች መካከል የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ አራት እንኳ አልሞሉም። እንግዲህ የሩማቲክ ልብ ሕመም ታማሚያችን በአብዛኛው ወጣት ሴት ናት፤ ልትወልድ ትችላለች፣ እንዳትወልድ ወይም ተጠንቅቃ እንድትወልድ የነገራት ግን የለም።

ይህ ሕመም ሲጀምር ልብ ላይ አይጀምርም። በልጅነት፣ በጉሮሮ ይጀምራል። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ተጨናንቀው በሚኖሩና በሚያድሩ ልጆች መካከል በቀላሉ ይተላለፋል። አንድ ክፍል ተከራይተው አምስት ስድስት ሆነው ከሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ቤት፣ ሰባ ሰማንያ ልጅ ከታጨቀበት ክፍል የተሻለ ምቹ ቦታ አያገኝም። ልጁ ጉሮሮውን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ መዋጥ ያቅተዋል። የባለ ገንዘብ ልጅ ክሊኒክ ሄዶ መድኃኒት ይታዘዝለታል። የድሃው ልጅ ግን "እንጥሉ ወርዶ ነው" ተብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ ይወሰዳል። አንዲት ተማሪዬ ከእንዲህ ዓይነቱ ቆረጣ በኋላ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ክፍል ስትገባ አይቻለሁ፤ ምራቋን ለመዋጥ አንገቷን ወደ ጎን ታዘነብል ነበር። እንጥሉ ተቆረጠ፣ ባክቴሪያው ግን የት ይሄዳል?

ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ አንዳንዶቹ ላይ ሁለተኛው ነገር ይመጣል። ጉልበት ያብጣል፤ እሱ ሲተው ቁርጭምጭሚት ይይዛል፤ ከዚያ ክርን። "ቁርጥማት ነው፣ ብርድ መትቶት ነው" እንልና በቅቤ እናሻለን። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያመረተው መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና የልቡን በር፣ ማለትም ቫልቩን፣ ይመታል። መገጣጠሚያው ይድናል። የልቡ በር ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል፤ የጉሮሮ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳው ይጠነክራል፣ በሩ ይጠባል ወይም መግጠም ያቅተዋል። ልጅቷ ለዓመታት ምንም ላይሰማት ይችላል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዳር የምትቀመጥ፣ ውኃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ሁለት ሦስቴ የምታርፍ ሰነፍ ልጅ ተብላ ታልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በስድስት የአገሪቱ አካባቢዎች ተማሪዎችን በልብ አልትራሳውንድ የመረመረ ጥናት ከሺህ ተማሪ 14 ያህሉ ላይ ይህን ሕመም አግኝቷል። የወረዳችንን ትምህርት ቤቶች የተማሪ ብዛት የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ስሌቱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

ከዚያ ልጅቷ ታገባለች፣ ታረግዛለች። በእርግዝና ጊዜ የደም መጠን ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ልብም ያንን ሁሉ ለመግፋት ሥራዋ ይበዛባታል። ጫናው ከሰባተኛው ወር አካባቢ ጀምሮ ይከብዳል፣ በምጥ ጊዜ ይብሳል፣ ልጁ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማኅፀን ሲኮማተር በውስጡ የነበረው ደም በአንዴ ወደ ልብ ይመለሳል። የገበያ ቀን ሕዝብ በአንዲት ጠባብ በር ሲገፋፋ ምን እንደሚሆን አስቡት። በሩ የጠበበ ልብ የመጣውን ደም ማሳለፍ ሲያቅተው ደሙ ወደኋላ ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። ስለዚህ ነው በቤቷ ደህና የነበረች ሴት በስምንተኛው ወሯ፣ ወይም ወልዳ "እልል" ከተባለላት በኋላ በሦስተኛው ቀን የምትሞተው።

አንዲት ጎረቤቴን ልንገራችሁ፤ ስሟ ይቆየን። ሰባት ወሯ ላይ ሌሊቱን ጭድ በሞላበት ጆንያ ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው። ጋደም ስትል እንደሚታፈን ሰው እጇን ታወራጭ ነበር። ሳሏ ማታ ይብሳል። አማቷ "ሆዷ ገፍቶ ነው" ትላለች፣ ባሏ "የመጀመሪያዋ ስለሆነ ፈርታ ነው" ይላል፤ ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ቀን ቀን በኩበት ጭስ በታፈነ ማድቤት እንጀራ ትጋግራለች። አንድ የጤና ተቋም ደርሳ "ነፍሰ ጡር ትንፋሽ ያጥራታል፣ የተለመደ ነው" ተብላ፣ የደም ማነስ ክኒን ይዛ ተመለሰች። በእርግጥ ጤነኛዋ ነፍሰ ጡርም ትንፋሽ ያጥራታል፤ አሳሳቹም ይኸው ነው። ነገር ግን ጋደም ብላ መተኛት ያልቻለች፣ ሌሊት አየር ፍለጋ ተነስታ በር የምትከፍት፣ ሮዝ አረፋ የምታስል ነፍሰ ጡር ጉዳይዋ የሆድ መግፋት አይደለም። እሷ ተርፋለች፤ በመጨረሻ "ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሺ" ያላት ሐኪም አገኘች። ወንድሟ በሬ ሸጦ ነው ያደረሳት። የሚሸጥ በሬ ያለው ወንድም የሌላትስ?

እዚህ ላይ ብዙ የማንናገረውን ነገር ልናገር። ሕመሙ የታወቀላት ልጅም ትደብቀዋለች። "ልበ ድካም ናት" ከተባለች ማን ያገባታል? ቤተሰብም ያውቃል፣ ዝም ይላል። በየሦስትና አራት ሳምንቱ መወሰድ ያለበት የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ፣ የጉሮሮ ሕመሙ ዳግም እንዳይነሳና የልቡ በር የባሰ እንዳይጎዳ የሚከላከለው እሱ፣ በሠርጉ ወር ይቋረጣል፤ ምክንያቱም አዲሷ ሙሽራ "የት ነው የምትሄጂው?" ተብላ መልስ የላትም። ቶሎ ካልወለደች ደግሞ "መካን ናት" ይመጣል። ፍቺ ፈርታ ታረግዛለች። የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ያላት ደግሞ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፣ ስትሰጋ ብታቆመው ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ይህን ከማርገዟ በፊት ከሐኪም ጋር ተቀምጣ መነጋገር ነበረባት። ባሏ የማያውቀውን ሕመም ይዛ እንዴት አድርጋ ትነጋገራለች?

ሁሉም ግን ከጉሮሮ አይመጣም። ልቧ ጤነኛ የነበረችም በእርግዝና የደም ግፊት ልትያዝ ትችላለች፤ ፊት ያብጣል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ዓይን ይጋረዳል፣ ሲብስ ያንቀጠቅጣል። ይህን የመሰለ መንቀጥቀጥ በሠፈራችን "ለከፋት" ይባላል። ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል ርካሽ መድኃኒት መንቀጥቀጡን ይከላከላል፣ ግን ቀድሞ ግፊቷን የለካት ሰው መኖር አለበት። ይህ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ሕመም የያዛት ሴት ከወለደች በኋላ ባሉት ዓመታትም ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያላት ተጋላጭነት እጥፍ ያህል ነው። ስንቷ ይህ ተነግሯት ዳግም ግፊቷን ተለክታ ታውቃለች? ሌላም አለ፤ በእርግዝናው ማብቂያ ወይም ከወለዱ በኋላ ባሉት አምስት ወራት ውስጥ ምክንያቱ በውል ሳይታወቅ የልብ ጡንቻ የሚደክምበት ሕመም። ይህ የሚመጣው አራሷ ገንፎና አጥሚቷን ይዛ ከቤት በማትወጣበት፣ ክርስትናው እስኪደርስ አርባ ወይም ሰማንያ ቀን በምትቆጥርበት ጊዜ ነው። እግሯ ቢያብጥ "አራስ ነች" ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያደረጉት 43 ከመቶ፣ ክትትሉን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት ደግሞ 28 ከመቶ ነበሩ። የልብ በር ለጠበባት ሴት አምስተኛው ወር ላይ መምጣት ዘግይቶ መምጣት ነው። "ንቃተ ህሊና ስለሌላቸው ነው" የሚለውን የስብሰባ ቃል እባካችሁ ተዉት። ነሐሴና መስከረም አረም ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። የምንጃር ጤፍ አዲስ አበባ ላይ ስሙ ተጠርቶ ይሸጣል፤ በሰው ማሳ በቀን ሒሳብ ጎንበስ ብላ የምታርመው ነፍሰ ጡር ግን አንድ ቀን ከቀረች የዕለቱ ምንዳ የለም። ክትትሉ ራሱ በነፃ ነው፣ ልክ ነው። ትራንስፖርቱ፣ ላቦራቶሪው፣ ኢኮው፣ የቀረው ምንዳ፣ ቤት የተተወውን ልጅ የምትጠብቅ ጎረቤት፣ እነዚህ በነፃ አይደሉም።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነም ልጥቀስ። ሀብታሟ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ጥቁር እናቶች ከእርግዝና ጋር በተያያዘ የሚሞቱት ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ በዚያ አገር ከእናቶች ገዳዮች መካከል ልብና የደም ሥር ሕመም ከፊት ተሰልፏል። ማሽኑ ሞልቶ ሳለ ማሽኑ ጋ የምትደርሰው ማን ናት የሚለው ጥያቄ እዚያም አለ።

ደግሞም መፍትሔው ከእኛ ደጅ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች እዚሁ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት ውስጥ ተሰብስበው ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአህጉሪቱ ለማጥፋት የአዲስ አበባ መግለጫ የሚባለውን አውጥተዋል፤ የአገር መሪዎችም በዚያው ዓመት ተቀብለውታል። የታማሚዎች መዝገብ ይኑር፣ ጥራት ያለው ፔኒሲሊን አይጥፋ፣ ሕመሙ ላለባቸው ሴቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት ይድረስ፣ ምርመራው ወደ ታች ይውረድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤ ተመሳሳይ ውሳኔ አሳልፏል። አረርቲ ሁለቱንም አታውቃቸውም። አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር የወጣ "አረርቲ" የሚባል የሽምብራ ዝርያ አለ፣ በአገሪቱ የዝርያዎች መዝገብ ላይ በስማችን ተመዝግቧል። ጎሽ! የልብ በራቸው የተጎዳ ሴት ልጆቻችን የሰፈሩበት መዝገብስ የት አለ?

ቀዶ ሕክምናውን ከእናንተ አልጠይቅም። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተመሠረተው፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል ያለበት ወረፋ በሺዎች እንደሚቆጠር ሁሉም ያውቃል። ከእናንተ የምጠይቀው ወረዳ ሊሠራው የሚችለውን ነው።

በመጀመሪያው የክትትል ቀን እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ግፊቷ ይለካ፣ ልቧ በማዳመጫ ይደመጥ፤ "በልጅነትሽ ጉልበትሽ አብጦ ያውቃል? በየወሩ መርፌ ትወጊ ነበር? ጋደም ብለሽ መተኛት ትችያለሽ?" ተብላ ትጠየቅ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ያለው ግፊት መለኪያ ባትሪ እንዳይጎድለውና አዋላጇ አንድ ከሰዓት በኋላ ሥልጠና እንድታገኝ ነው የምለው። አንድ መዝገብ ይከፈት፤ የመርፌ ቀጠሮ ያላቸው ልጆች ሲያገቡ ወይም ቀበሌ ሲቀይሩ ስማቸው ወደ አዲሱ ጤና ኬላ ይተላለፍ፤ ምሥጢሩ ግን ይጠበቅ፣ አለበለዚያ ማንም አይመዘገብም። ማርገዝ ለጊዜው የማይመከራት ሴት ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ከመጀመሯ በፊት ሐኪም ይያት፤ በክንድ የሚቀበረው መከላከያ በጤና ኬላ ደረጃ ሳይቀር ይሰጣል። ፔኒሲሊን ላይ ደግሞ ባለሙያው ራሱ መርፌውን የሚፈራበት ቦታ አለ፤ "ሰው ይጥላል" ተብሎ ይመለሳል። ለድንገተኛ አለርጂ የሚሆን አድሬናሊን አጠገብ አስቀምጦ፣ ልቧ ክፉኛ የተጎዳውን ለሐኪም ትቶ፣ የቀረውን መውጋት የሚያስችል መመሪያና ድፍረት ስጡት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አራስ ቤት ስትሄድ ሕፃኑን ብቻ መዝና አትመለስ፤ እናቲቱንም እግሯን ትያት፣ አተነፋፈሷን ትጠይቃት።

የሪፈር ነገር ሳይነሳ አይቀርም። የሪፈር ደብዳቤያችን የሚሄደው ወደ ደብረ ብርሃን ነው፤ እግራችን ግን የሚሳበው በእጀሬ በኩል ወደ ሞጆና አዳማ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የክልላችን መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የከረመው። ልቧ የደከመ ነፍሰ ጡር የክልል ወሰን አትቆጥርም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተሯ አዳማ ላይም እንዲሠራ ውል መግባት ከተቻለ ግቡ፤ የዞኑና የክልሉ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ጠይቁ። ግልባጩን ለእነሱም ያደረግሁት ስለዚህ ነው።

የሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል በወረዳችን ነው፤ ከሩቅ አገር ድረስ ሕመምተኛ ይመጣል፣ ከነዚህ መካከል ልባቸው የደከመ ሴቶች አሉ። በአቡነ ጳውሎስ ዘመን የኤች አይ ቪ ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ቤተ ክርስቲያን በአደባባይ አስተምራለች፣ ብዙ ሰውም ተርፏል። ለልብ ታማሚዋ ነፍሰ ጡርም ይኸው ቃል ቢነገርላት፣ ከጠበሉ ጋር መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ አባቶች ቢገሥጿት፣ ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል። ጽሕፈት ቤታችሁ ሄዶ ቢያነጋግራቸው እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ለባሎችና ለአማቶች፦ ተቀምጣ የምታድር ነፍሰ ጡር ካለች ነገ ሳይሆን ዛሬ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ልጃችሁ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል ቆራጭ አትጥሩ። የልብ ሕመም ያለባትን ልጅ ስትድሩ ለባሏ ንገሩት፤ ካወቀ የመርፌ ቀጠሮዋን ያስታውሳታል፣ ካላወቀ ያስቀርባታል። መምህራን ሆይ፣ ዳገት ላይ የምታርፈውን ልጅ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ላኳት።

ጽሕፈት ቤታችሁ ከጠቀስኳቸው ውስጥ የትኛውን ዘንድሮ እንደሚጀምር፣ የትኛው አቅሙ እንዳልሆነ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በጽሑፍ እንዲያሳውቀን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ አረርቲ

ግልባጭ፦
ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ፣ ደብረ ብርሃን
ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣ ባሕር ዳር